ወርቅ ላበደሩ ጠጠር

የምርጫ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የተመረጠው ሰው ታሪክ ነው። ሐውልት የሚቆመው ለእሱ ነው፤ መንገድና አደባባይ የሚሰየመው በእሱ ስም ነው። መራጩ ግን ቁጥር ሆኖ ይቀራል። «እገሌ 2,057 ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ» ይባልና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። እነዚያ 2,057 ሰዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ ምን ጠበቃቸው? በማግሥቱስ? በዓመቱስ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔን ይህ ጥያቄ ከያዘኝ ቆይቷል። ያስያዘኝም በምዕራብ አየርላንድ የነበረ፣ ዛሬ በዚያ መልኩ የሌለ አንድ የምርጫ ክልል ነው። ክሌር ይባላል። ከ1801 እስከ 1885 አውራጃው በሙሉ አንድ ክልል ሆኖ ሁለት እንደራሴዎችን ለንደን ወዳለው የዌስትሚንስተር ፓርላማ ይልክ ነበር። በ1885 ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ በ1922 ደግሞ ሁለቱም ከዌስትሚንስተር መዝገብ ተሰረዙ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬም ክሌር የሚባል የምርጫ ክልል አለ፤ እንደራሴዎቹን የሚልከው ግን ደብሊን ወዳለው የአየርላንድ ምክር ቤት ነው። በእነዚያ 121 ዓመታት ውስጥ ይህች ድንጋያማ የአትላንቲክ ዳርቻ አውራጃ ሁለት ጊዜ የብሪታንያን መንግሥት አናግታለች። ሁለቱንም ጊዜ ያናጋችው በጠመንጃ አይደለም። ድምፅ በመስጠት ነው።

ነገሩ እንዲገባን ከመሬቱ እንጀምር። የዚያን ዘመን የክሌር ገበሬ አብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ መሬቱ ግን በአብዛኛው የፕሮቴስታንት ባለርስቶች ነው። ካቶሊኮች ከ1793 ጀምሮ መምረጥ ተፈቅዶላቸዋል። ፓርላማ ገብቶ መቀመጥ ግን አልተፈቀደላቸውም። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ መሐላ ነበር። ወደ ምክር ቤቱ የሚገባ ሰው የካቶሊክ ቅዳሴና የቅዱሳን ምልጃ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ መማል ነበረበት። ሃይማኖቱን ካልረገጠ በቀር አንድ ካቶሊክ ያንን ደፍ አያልፍም።

መራጭ ለመሆን ደግሞ የአርባ ሽልንግ ይዞታ ይጠየቃል። ገበሬው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የኪራይ ውል ይዞ፣ መሬቱ ከኪራዩ በላይ በዓመት አርባ ሽልንግ፣ ማለትም ሁለት ፓውንድ፣ የሚያወጣ ከሆነ መራጭ ነው። ባለርስቶቹ ይህን ሕግ ወደዱት። መሬታቸውን እየቆራረሱ ለብዙ ጭሰኛ በዕድሜ ልክ ውል ሰጡ፤ ምክንያቱም አንድ ጭሰኛ ማለት አንድ ድምፅ ነው፤ ብዙ ድምፅ ያለው ባለርስት ደግሞ በመንግሥት ዘንድ ይከበራል፤ ለልጁ ሹመት፣ ለወንድሙ ማዕረግ ያስገኛል። የምርጫው ዕለት የርስቱ ወኪል ጭሰኞቹን ሰብስቦ ወደ ከተማ ይነዳቸዋል።

በአማርኛችን «ድምፅ መስጠት» የምንለው ነገር እዚያ ቃል በቃል ድምፅ መስጠት ነበር። ወረቀት የለም፤ መጋረጃ የለም፤ ኮሮጆ የለም። ገበሬው ከመዝጋቢው ፊት ይቀርባል፤ ባለርስቱ ወይም ወኪሉ ቆሞ ይሰማል፤ ገበሬው የመረጠውን ሰው ስም በአፉ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል። በቃ።

«ጭሰኛ» የሚለውን ቃል የምጠቀመው አስቤበት ነው። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። ከምርታቸው የባለርስቱን ድርሻ ከፍለው፣ በበዓል ደግሞ ማርና ሙክት ይዘው ደጅ ይጠኑ እንደነበር በልጅነቴ ከራሳቸው አንደበት ሰምቻለሁ። ባለርስቱ ባለበት ቀና ብለው እንደማይናገሩ፣ ሲናገሩም ድምፃቸው እንደሚቀጥንባቸው ያጫውቱን ነበር። ስለ ክሌር ባነበብኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእሳቸው ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በባለርስቱ ፊት ቆሞ፣ ባለርስቱ የማይፈልገውን ስም ጮክ ብሎ እንዲጠራ ያደረገው ምን ይሆን?

በ1828 የሆነው ግን ይኸው ነው።

የክሌር እንደራሴ ዊልያም ቬሲ ፊትዝጄራልድ በዚያ ዓመት የንግድ ሚኒስትርነት ተሾመ። በጊዜው ሕግ ሚኒስትር የሆነ እንደራሴ ተመልሶ መራጩን መጠየቅ ነበረበትና ማሟያ ምርጫ ተጠራ። ፊትዝጄራልድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ራሱ ፕሮቴስታንት ቢሆንም የካቶሊኮችን መብት የሚደግፍ ነበር። አባቱም የአየርላንድ ፓርላማ ከብሪታንያ ጋር እንዳይዋሐድ ተቃውመው ሹመታቸውን ያጡ ሰው ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ከሰውየው ጋር አልነበረም። ነገሩ ሰውየው ከገባበት ካቢኔ ጋር ነበር።

በተቃራኒው የቆመው ዳንኤል ኦኮኔል ነው፤ የኬሪ አውራጃ ተወላጅ፣ የደብሊን ጠበቃ፣ ካቶሊክ። በ1823 የካቶሊክ ማኅበር የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በማግሥቱ ዓመት በወር አንድ ፔኒ የሚያዋጣ ሁሉ ደጋፊ እንዲሆን አደረገ። አንድ ፔኒ ለድሀ ገበሬም አይከብድም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ሳንቲሙ ተጠራቅሞ ኃይል ሆነ። ከሳንቲሙም ይልቅ በየደብሩ በር ላይ ሳንቲሙን የሚሰበስቡት ሰዎች መረብ ሆኑ። ሕጉ ካቶሊክ ፓርላማ እንዳይቀመጥ ይከለክላል እንጂ ለምርጫ እንዳይቀርብ አይከለክልም፤ ኦኮኔል የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ለመራጮቹ የነገራቸውም በግልጽ ነው፤ ብትመርጡኝ ያንን መሐላ አልምልም አላቸው።

ምርጫው የተካሄደው በዋናው ከተማ በኤኒስ ሲሆን ድምፅ መስጠቱ አምስት ቀን ፈጀ። ገበሬዎቹ በየደብራቸው ተሰልፈው፣ ቄሶቻቸውን አስቀድመው ገቡ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከተማዋን ሞላት። አረቄ መጠጣት ተከልክሎ ነበርና ያ ሁሉ ሰው ከመጠጥ ተቆጠበ፤ ጠብ ተፈጥሮ ወታደር ለመግባት ሰበብ እንዳያገኝ ነው። የድሮሞላንዱ ባለርስት ሰር ኤድዋርድ ኦብራየን የፊትዝጄራልድ ደጋፊ ነበር፤ የገዛ ጭሰኞቹ ግን ጥለውት ሄዱ። አምስተኛው ቀን ላይ ፊትዝጄራልድ 982፣ ኦኮኔል 2,057 ሆነ።

ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ «ጭሰኞቹ ጌታ ለወጡ እንጂ ነፃ አልወጡም፤ ከባለርስቱ እጅ ወጥተው ቄሱ እጅ ገቡ» ያሉ ነበሩ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት የለም አልልም። ሰልፉን የመራው ቄሱ ነው፤ ለገበሬው የነፍሱን ጉዳይ የያዘው ቄሱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ይቀራል። ቄሱ ከጎኑ ቢቆምም የማባረሪያው ደብዳቤ የሚመጣው ለቄሱ አይደለም። ጎጆው የሚፈርሰው የገበሬው ነው። ያንን እያወቀ ስሙን የጠራው ገበሬው ራሱ ነው። ይህን ድፍረት ከእሱ ነጥቆ ለሌላ መስጠት ግፍ ይመስለኛል።

ለንደን ደነገጠች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዌሊንግተን መስፍንና የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል፣ ለዓመታት ሲቃወሙት የኖሩትን ነገር ራሳቸው ወደ ፓርላማ አቀረቡ። ክሌር ላይ የሆነው በመላው አየርላንድ ቢደገም አገሪቱን ማስተዳደር እንደማይቻል ገብቷቸዋል። በኤፕሪል 1829 ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲቀመጡ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ።

አንባቢዬ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን በዚያው ወቅት ሌላ ሕግ አብሮ ወጣ። በአየርላንድ አውራጃዎች መራጭ ለመሆን የሚጠየቀው ይዞታ ከአርባ ሽልንግ ወደ አሥር ፓውንድ ከፍ ተደረገ። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። የአየርላንድ የገጠር መራጮች ቁጥር ከ216 ሺህ ገደማ ወደ 37 ሺህ ገደማ ወረደ። ኦኮኔልን የመረጡት የአርባ ሽልንግ ገበሬዎች በአንድ ሕግ ከመራጭነት ተፋቁ። ጠበቆች፣ ነጋዴዎችና የተማሩ ካቶሊኮች የፓርላማ በር ተከፈተላቸው፤ በሩን ገፍቶ የከፈተው ጭሰኛ ግን ከውጭ ቀረ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን? በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነበረው። ጭሰኛው ድምፅ ከሌለው ባለርስቱ ትንንሽ ይዞታዎችን የሚያበዛበት ፖለቲካዊ ምክንያት ጠፋ። ትናንት እንደ ድምፅ የሚቆጠር ሰው ዛሬ መሬት ያጣበበ ሰው ሆነ።

ኦኮኔልስ? ተቃውሞውን አሰማ፤ ለእነሱ ብሎ ግን ዋናውን ድል አደጋ ላይ አልጣለም። አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ተብሎ በሜይ 1829 ምክር ቤት ሲቀርብ አሮጌውን መሐላ እንዲምል ተጠየቀ። ወረቀቱን አንብቦ አልምልም አለ። ወደ ክሌር ተመልሶ በጁላይ ያለ ተቀናቃኝ በድጋሚ ተመረጠ። በዓመቱ፣ በ1830 ደግሞ ክሌርን ትቶ ለዋተርፎርድ አውራጃ ቆመ።

ለትምህርት አየርላንድ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ቅዳሜ ወደ ኤኒስ ሄጄ ነበር። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ በሁለቱም ወገን ሱቅ ነው። ኦኮኔል በተመረጠበት ቦታ ላይ ከጣራዎቹ በላይ ከፍ ያለ ዓምድ ቆሟል፤ እሱም በአናቱ ላይ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ለማየት ሞከርኩ፤ ከታች ሆኖ ፊቱን ለይቶ ማየት ይቸግራል። ሰውየውን አልነቅፍም፤ ታላቅ ሰው ነው፤ ያንን ያህል ሕዝብ ጠብታ ደም ሳይፈስ መምራት ቀላል አይደለም። ብቻ ዓይኔ ወደ ታች፣ ሰልፉ ወደ ገባባቸው ጠባብ መንገዶች እየተመለሰ አስቸገረኝ። እዚያ የቆሙት ሰዎች ስማቸውን ለጸሐፊ አስመዝግበው ነበር፤ ባለርስቱ እንዲያውቃቸው ነው እንጂ እኛ እንድናውቃቸው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ፈጥነን እንለፈው። በ1845 የድንቹ በሽታ መጣና ታላቁ ረኃብ ሆነ። በ1841 ቆጠራ ወደ 286 ሺህ የነበረው የክሌር ሕዝብ በ1851 ወደ 212 ሺህ ወረደ፤ ከሞት የተረፈው ብዙው ባሕር ተሻገረ። በ1852 ምርጫ ጊዜ ሲክስማይልብሪጅ በምትባል የክሌር ከተማ ወታደሮች የአንድ ባለርስት ጭሰኞችን አጅበው ለድምፅ ሲያመጡ ሕዝቡ ድንጋይ ወረወረ፤ ወታደሮቹም ተኩሰው ሰው ገደሉ። ድምፅ በአፍ መስጠት የቀረው በ1872 ነው። ያኔ የምስጢር ድምፅ ሕግ ወጣና መጋረጃው ተሰቀለ። ከኦኮኔል ምርጫ እስከ መጋረጃው 44 ዓመት መሆኑ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ኦጎርማን ማሆን። በ1828 ኦኮኔልን ለዕጩነት ካቀረቡት አንዱ ነው። በ1830 ራሱ በክሌር ተመረጠና በጉቦ ተከሶ ወንበሩን ተነጠቀ። ከዚያ በየአገሩ እየዞረ ተዋጋ። በ1879፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ የክሌር ሕዝብ እንደገና መረጠው። ክልሉ በ1885 ለሁለት ሲከፈል በወንበሩ ላይ የነበረው እሱ ነው። በጮክታ ምርጫ የጀመረ ሰው በመጋረጃ ምርጫ ጨረሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ቀን የመጣው በምሥራቅ ክሌር ነው። ከ1892 ጀምሮ እንደራሴው ዊሊ ሬድሞንድ ነበር፤ የአየርላንድ ፓርላማ ፓርቲ መሪ የጆን ሬድሞንድ ወንድም። አየርላንድ የውስጥ አስተዳደር ነፃነቷን በፓርላማ ክርክር ታገኛለች ብሎ ያምን ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ሳለ፣ ለእንግሊዝ ጦር ተመዘገበ፤ የአየርላንድ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት አብረው ቢዋጉ በአገራቸውም አብረው ይኖራሉ የሚል ተስፋ ነበረው። ጁን 7 ቀን 1917 ቤልጅግ ውስጥ ሜሲን ላይ ቆሰለና ሞተ። ከወደቀበት ያነሡት የአልስተር ፕሮቴስታንት ክፍለ ጦር ሰዎች ነበሩ።

ለእሱ ወንበር የቆመው ኢሞን ዴ ቫሌራ ነው። በ1916ቱ የደብሊን አመፅ ጦር መርቶ፣ ሞት ተፈርዶበት፣ ፍርዱ ተቀይሮለት፣ ያን ሰሞን ከእስር የተፈታ የሒሳብ መምህር። በብሪታንያ ፓርላማ ፈጽሞ አልቀመጥም ብሎ ነው የተወዳደረው። በጁላይ 1917 ዴ ቫሌራ 5,010፣ ተቀናቃኙ ጠበቃ ፓትሪክ ሊንች 2,035 አገኙ። ያ ምርጫ የሬድሞንድን ፓርቲ ወገብ ሰበረ። በ1918ቱ ጠቅላላ ምርጫ የሺን ፌን ፓርቲ አየርላንድን ጠራርጎ ወሰደ።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያልፏትን አንዲት ነገር ላንሣ። በ1918 ዕድሜያቸው ከሠላሳ በላይ የሆኑ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። የክሌር ሴቶችም አገኙ። ነገር ግን በ1918 ዴ ቫሌራ ያለ ተቀናቃኝ አለፈ፤ በምዕራብ ክሌርም እንዲሁ። በ1921 ክሌር እንደገና አንድ ክልል ስትሆን አሁንም ተቀናቃኝ የለም። በ1922ም የለም። ስለዚህ የክሌር ሴት መብቷን ካገኘች ጀምሮ አምስት ዓመት ሙሉ ለእንደራሴ ድምፅ የምትሰጥበት ቀን አልደረሰላትም። አንድነት ነበር፤ ደስ ይላል። ሁሉም በአንድ ልብ ሲያስብ ግን የምርጫው ሣጥን ባዶ ሆኖ ይውላል። የአርባ ሽልንጉን ገበሬ ሕግ ዝም አሰኘው፤ የክሌርን ሴት ደግሞ የጋራ ስሜት ዝም አሰኛት። የትኛው እንደሚብስ አንባቢ ይፍረድ።

ሣጥኑ ተመልሶ ሲመጣ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት አሳልፎ ነበር። ከጦርነቱ ዋና ምክንያቶች አንዱ፣ የሚገርመው፣ መሐላ ነው። በ1921ዱ ስምምነት መሠረት የአየርላንድ እንደራሴዎች ለብሪታንያ ንጉሥ ታማኝ እንሆናለን ብለው መማል ነበረባቸው፤ ዴ ቫሌራ አልምልም አለ። በኦገስት 1923 ኤኒስ ውስጥ በምርጫ መድረክ ላይ ሲናገር የነፃው መንግሥት ወታደሮች ያዙት። እስር ቤት ሆኖ 17,762 ድምፅ አገኘ። የመንግሥቱ ዕጩ ኦይን ማክኒል 8,196 አገኘ። ይህ ማክኒል ማን ነው ቢሉ፣ በ1917 ዴ ቫሌራ «አብሮኝ መድረክ ላይ ይቁም» ብሎ ያመጣውና ለዴ ቫሌራ የቀሰቀሰው ሰው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዱ ሚኒስትር፣ ሌላው እስረኛ ሆኑ።

በ1927 ዴ ቫሌራ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ምክር ቤት ገባ፤ የቃሉ ይዘት ባዶ ነው፣ መሐላ አልማልኩም አለ። በ1933 ሥልጣን ላይ ሆኖ መሐላውን በሕግ አስወገደው። ኦኮኔል ላለመማል ከደጅ ተመለሰ፤ ዴ ቫሌራ ላለመማል ጦርነት ውስጥ ገብቶ ኋላ ፈረመ። ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር እያልኩ ብዙ አስቤአለሁ። ቃልን ከምር መያዝ ታላቅነት ነው፤ ለአንዲት ቃል ስንት ሰው እንደሚሞት መቁጠር ደግሞ ሌላ ታላቅነት ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የያዘ መሪ ጥቂት ነው።

ይህ የክሌር እንደራሴ ወደ እኛም ታሪክ ይገባል። ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት በ1935 የአየርላንድ መንግሥት መሪና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እሱ ነበር። ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን እንዲከበርና በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ደገፈ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 ያንን የታወቀ ንግግራቸውን ካሰሙ ከሁለት ቀን በኋላ ከዚያው መድረክ ላይ ቆሞ በተፈጸመው ነገር ማፈሩን፣ ትንንሽ አገሮች በትልልቆቹ ፊት አቅም እንደሌላቸው ተናገረ። ማዕቀቡን ግን የእሱም አገር ከሌሎቹ ጋር አነሣች። ለእኛ ያበደረው ቃል ነበር፤ ወርቁ ሲያስፈልገን አልነበረም።

እንግዲህ የአንድ ምርጫ ክልል ታሪክ ይህን ይመስላል። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት ድምፅ ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ድምፅ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ዌሊንግተንና ፒል ያንን ያህል ደክመው ከገበሬው አይነጥቁትም ነበር። የማይጎዳ ነገር ማንም አይቀማም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ድል ሲገኝ ድሉን ከፍሎ ያመጣውን ሰው ከድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ማንሳት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ነው። ጠላት ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። ወዳጅም በጥድፊያ፣ በትልቁ ነገር ሰበብ ያደርገዋል።

ስለዚህ ወደፊት «እገሌ ይህን ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ» ሲባል ብንሰማ፣ ከቁጥሩ ጀርባ አንድ ጥያቄ ብናስከትል መልካም ነው፤ ድምፁን የሰጡት ሰዎች በሚቀጥለው ምርጫ ዛሬም መራጮች ናቸውን? መልሱ አዎን ከሆነ ድሉ ድል ነው። ካልሆነ ግን ተመራጩ ዓምድ ላይ ቢወጣም ዕዳው ገና አልተከፈለም።